ከመሞረድ ወደ ማላወስ፦ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕክምና ታሪክ

የታችኛው መንጋጋ አንድ አጥንት ቢሆንም ከራስ ቅል ጋር የሚያያዘው ከግራና ከቀኝ ጆሮ ፊት ባሉ ሁለት መገጣጠሚያዎች ስለሆነ፣ አንደኛው መገጣጠሚያ ሌላኛውን ሳያንቀሳቅስ ሊሠራ አይችልም። በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ውስጥ፣ በመንጋጋው ራስና በራስ ቅሉ ጎድጓዳ ስፍራ መካከል፣ ዲስክ የሚባል ጠንካራ ግን ተጣጣፊ የሆነ ስስ አካል አለ። አፍ መከፈት ሲጀምር የመንጋጋው ራስ እንደ በር ማጠፊያ ባለበት ይዞራል፤ መከፈቱ ወደ እኩሌታው ሲደርስ ደግሞ ዲስኩን ይዞ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ጤነኛ ጎልማሳ አፉን እስከ መጨረሻው ሲከፍት በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶች መካከል ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ክፍተት ይገኛል፤ ሐኪም ማስመሪያ ባይኖረው የታማሚውን የራሱን ሦስት ጣቶች ደርቦ በጥርሶቹ መካከል በማስገባት ይህንኑ ይገምታል። ሕመሙ ሲነሳ ክፍተቱ ይጠባል፣ ማኘክና ማዛጋት ያሠቃያል፣ ከጆሮ አጠገብ ቋ የሚል ድምፅ ይሰማል፣ አንዳንድ ጊዜም መንጋጋው በከፊል ተከፍቶ ይቆለፋል። የዚህ ሕመም ሕክምና ታሪክ፣ ሐኪሞች መንስኤውን ፍለጋ ከጥርስ ወደ አጥንት፣ ከአጥንት ወደ ዲስክ ሲዘዋወሩ፣ ብዙ ሰዎችም በዚያ ፍለጋ መካከል የማይመለስ ጉዳት ሲደርስባቸው የቆየበት፣ መንጋጋን በሥርዓት የማላወስ ሕክምና ግን ተረስቶ ሲመለስ፣ ተመልሶም ሲረሳ የኖረበት ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስለ መንጋጋ መገጣጠሚያ ከተጻፉት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት ምስክሮች አንዱ የተገኘው በግብፅ ነው። አሜሪካዊው የቅርስ ነጋዴ ኤድዊን ስሚዝ በ1862 በሉክሶር የገዛውና ዛሬ በስሙ የሚጠራው የፓፒረስ ጥቅልል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1600 ገደማ የተገለበጠ ሲሆን፣ ሊቃውንት የአጻጻፉን ቋንቋ መርምረው ይዘቱ ከዚያም ብዙ የቀደመ መሆኑን ተረድተዋል። ጄምስ ሄንሪ ብሬስትድ በ1930 ተርጉሞ ያሳተመው ይህ ጥቅልል 48 የጉዳት ዓይነቶችን ከራስ ጀምሮ ወደ ታች በቅደም ተከተል የሚያስረዳ ሲሆን፣ ሃያ አምስተኛው መንጋጋው ወልቆ አፉ ተከፍቶ የቀረ፣ መዝጋትም ያቃተው ሰው ነው። ሐኪሙ ሁለቱን አውራ ጣቶቹን ወደ አፍ ውስጥ አስገብቶ በመንጋጋው የኋላ ጫፎች ላይ እንዲያሳርፍ፣ የቀሩትን ጣቶች ከአገጭ በታች እንዲያደርግ፣ ከዚያም መንጋጋውን ወደ ኋላ ገፍቶ ወደ ቦታው እንዲመልሰው ታዝዟል፤ ቦታውን ከያዘ በኋላም ታማሚው እስኪድን ድረስ በየቀኑ ማር ባለበት ፋሻ ይታሰርለታል። ዛሬ በድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች የሚሠራውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ አውራ ጣቶቹ በኋለኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ላይ ወይም አጠገብ አርፈው መጀመሪያ ወደ ታች፣ ቀጥሎም ወደ ኋላ ይገፋሉ። ከሦስት ሺህ ዓመታት በላይ ሳይለወጥ የቆየ የእጅ ሥራ በሕክምና ውስጥ ብዙ አይገኝም፤ ይህ የሆነውም አሠራሩ ከመገጣጠሚያው ከራሱ ቅርጽ የመነጨ ስለሆነ ነው።

በግሪክ በሂፖክራተስ ስም ከተሰበሰቡት መጻሕፍት ስለ መገጣጠሚያዎች የሚናገረው ክፍልም ይህንኑ ውልቃት የመመለስ ሥራ ሲያስተምር አንድ ትልቅ ቁም ነገር ጨምሮበታል። ረዳቱ የታማሚውን ራስ ይዞ ሐኪሙ መንጋጋውን ከውስጥና ከውጭ በሚይዝበት ጊዜ፣ ታማሚው ራሱ መንጋጋውን አላልቶ እንዲተወው ይጠየቃል፤ ይህም ማለት ሕክምናው በሐኪሙ ኃይል ብቻ የሚፈጸም ሳይሆን የታማሚው ጡንቻ ሲላላ የሚሳካ መሆኑ ያን ጊዜም ይታወቅ ነበር ማለት ነው። ውልቃትን በእጅ የመመለስ ጥበብ በኢትዮጵያም ከጥንት ጀምሮ ለወጌሻ የተተወ ሙያ ሆኖ ኖሯል። በአውሮፓ ግን ከዚህ በኋላ የነበሩት ብዙ ምዕተ ዓመታት ለመንጋጋ የጨመሩት ከሕክምና ይልቅ የአካል አወቃቀር ዕውቀትን ነበር። አንድሬያስ ቬሳሊየስ በ1543 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ የሰው የታችኛው መንጋጋ የጥንቱ ሐኪም ጋሌን እንዳለው ሁለት ሳይሆን አንድ አጥንት መሆኑን አስረዳ፤ ስኮትላንዳዊው ጆን ሀንተር በ1771 ስለ ሰው ጥርስ በጻፈው መጽሐፍ መገጣጠሚያውንና በውስጡ ያለውን ተንቀሳቃሽ ዲስክ ገለጸ፤ የለንደኑ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አስትሊ ኩፐርም በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አፋቸውን ሲከፍቱ መንጋጋቸው ቋ የሚልባቸውን ወጣት ሴቶች ሕመም በጽሑፍ አስቀመጠ። በ1887 ደግሞ የኤዲንብራው ቶማስ አናንዴል ከቦታው የተንሸራተተን ዲስክ በቀዶ ሕክምና ከፍቶ በስፌት ወደ ቦታው እንደመለሰ አስታወቀ። በዲስክ ላይ የተመሠረተው የቀዶ ሕክምና ዘመን የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ እስኪስፋፋ ግን ሌላ ዘጠና ዓመት ያህል ፈጅቷል።

እንቅስቃሴ ራሱ መድኃኒት ነው የሚለው አስተሳሰብ በሥርዓት ተደራጅቶ የቆመው በስዊድን ነበር። ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም ያቋቋመው የጂምናስቲክ ተቋም ለጦር ሠራዊትና ለትምህርት ቤት ከሚያስተምረው ልምምድ ጎን ለጎን የሕክምና ጂምናስቲክ የሚባል ዘርፍ ነበረው፤ በዚህም ባለሙያው የታመመውን አካል በእጁ ያንቀሳቅሳል፣ ወይም ታማሚው ሲንቀሳቀስ በእጁ ይቃወመዋል። ጉስታቭ ዛንደር የተባለው ሐኪም በ1865 እዚያው ስቶክሆልም ይህን ሥራ ወደ መሣሪያ አዛውሮ ማንሻና ክብደት ያላቸው ማሽኖች የሚገኙበት ተቋም ከፈተ። እነዚህ ሰዎች ስለ ትከሻ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ወገብ ብዙ ያሰቡ ሲሆን መንጋጋ ግን የጥርስ ሐኪም ድርሻ ተደርጎ ስለተቆጠረ ከሥርዓታቸው ውጭ ቀረ ማለት ይቻላል። የሰውን አካል ለሁለት ሙያዎች የከፈለው ይህ ድንበር ኋላ ብዙ ጉዳት አስከትሏል፤ እንቅስቃሴን የሚያውቀው ባለሙያ አፍ ውስጥ እጁን አያስገባም፣ አፍ ውስጥ የሚሠራውም ሐኪም ስለ ጡንቻ ልምምድ አልተማረም።

ድንበሩን በግድ ያስከፈተው አንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። በምዕራቡ ግንባር የነበሩ ወታደሮች ራሳቸውን ከምሽግ ብቅ ሲያደርጉ ፊታቸውና መንጋጋቸው በጥይትና በፍንጣሪ ስለሚመታ፣ ጉዳቱ እስከዚያ ባልታየ ብዛት መጣ። ትውልዱ አርመናዊ የሆነው የቦስተኑ የጥርስ ሐኪም ቫራዝታድ ካዛንጂያን በፈረንሳይ፣ ኒውዚላንዳዊው ሃሮልድ ጊሊስም በ1917 በእንግሊዝ በሲድካፕ በተከፈተው የኩዊንስ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ሐኪሞችንና የጥርስ ሐኪሞችን በአንድ ጣሪያ ሥር አሠሩ። አጥንቱ ከተጋጠመና ቆዳው ከተሰፋ በኋላም ጠባሳውና ለብዙ ጊዜ ታስሮ የቆየው ጡንቻ መንጋጋውን ስለሚይዘው፣ ቁስለኛው ከሞት ተርፎ ማንኪያ የማያስገባ አፍ ይዞ ሊቀር ይችል ነበር። ስለዚህ መንጋጋን ቀስ በቀስ የማስከፈት ሥራ ከቀዶ ሕክምናው ጋር አብሮ መሄድ እንዳለበት ሐኪሞቹ ከልምድ ተማሩ። በዚያው ጊዜ በ1918 የቦስተኑ የጥርስ አስተካካይ ሐኪም አልፍሬድ ሮጀርስ የሕፃናት ጥርስ የተጣመመው የማኘኪያና የከንፈር ጡንቻዎች በአግባቡ ስለማይሠሩ እንደሆነ አስረድቶ፣ በየቀኑ የሚሠራ የመንጋጋና የአፍ ልምምድ አዘጋጀ፤ በ1929 ባወጣው ጽሑፍም ጡንቻዎችን ሕያው የጥርስ ማስተካከያ መሣሪያዎች ብሎ ጠራቸው። ሮጀርስ ያተኮረው በጥርስ አቀማመጥ ላይ እንጂ በመገጣጠሚያ ሕመም ላይ ባይሆንም፣ በአፍ ዙሪያ ያሉ ጡንቻዎች እንደ ክንድና እንደ እግር ጡንቻ ሊሠለጥኑ ይችላሉ የሚለውን ሐሳብ ወደ ጥርስ ሕክምና ያስገባው እሱ ነው።

ይህ መንገድ ሊቀጥል በሚችልበት ሰዓት ግን አቅጣጫውን ሁሉ የለወጠ ጽሑፍ በ1934 ታተመ። ጄምስ ኮስተን በሴንት ሉዊስ የሚሠራ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ሲሆን፣ አሥራ አንድ ታማሚዎችን መርምሮ የጆሮ መደፈን፣ የጆሮ ጩኸት፣ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ የምላስና የጉሮሮ ማቃጠል ሁሉ ከአንድ ምንጭ እንደሚመጡ ደመደመ። እንደ እሱ አባባል፣ የኋለኞቹ መንጋጋ ጥርሶች ሲወልቁ ወይም ሲበሉ የታችኛው መንጋጋ ከልክ በላይ ወደ ላይ ይዘጋል፤ የመንጋጋው ራስም ወደ ኋላ ገብቶ በጆሮ አጠገብ ያለውን ነርቭና ወደ ጆሮ የሚወስደውን ቱቦ ይጫናል። መፍትሔውም ከዚህ አሳብ ቀጥታ የሚከተል ነበር፤ ጥርሶቹ የሚገናኙበት ከፍታ በሰው ሠራሽ ጥርስ ወይም በሽፋን ከፍ ይደረግ። ሕመሙ የኮስተን ሲንድረም ተባለ፣ ሲንድረም ማለትም አብረው የሚታዩ የሕመም ምልክቶች ስብስብ ሲሆን፣ በየሐኪሙ ክፍል የሚያጉረመርሙ፣ መንስኤ ያልተገኘላቸው ታማሚዎች ሁሉ በድንገት ስምና ሕክምና አገኙ።

የኮስተን አሳብ በአንድ ነገር የሚመሰገን ነው፤ ከጆሮ ሐኪም ወደ ጥርስ ሐኪም፣ ከጥርስ ሐኪም ወደ ነርቭ ሐኪም ሲንከራተቱ ለነበሩ ሰዎች ሕመማቸው እውነተኛ መሆኑን አረጋገጠላቸው። ሌላው ሁሉ ግን በአካል አወቃቀር ረገድ አልጸናም። ከቪየና ወደ ቺካጎ የተሰደደው የአካል አወቃቀር ሊቅ ሃሪ ሲከር በ1948 ባወጣው ጽሑፍ የመንጋጋው ራስ ኮስተን በተናገረው መንገድ ነርቭንም ሆነ ቱቦን ሊጫን እንደማይችል አሳየ። ሆኖም የጥርስ ሕክምና ሙያ የተማረከው በነርቩ ሳይሆን በጥርሱ ስለነበር የሲከር ማስረጃ ልምዱን አላስቆመውም። ጥርስ በትክክል አለመገጣጠሙ የመንጋጋ ሕመም ሥር ነው ከተባለ፣ ሕክምናው ጥርስን መሞረድ፣ ከፍ ዝቅ ያለውን ማስተካከል፣ አልፎ አልፎም ጤነኛ የነበሩትን ጥርሶች ሁሉ ሞርዶ በወርቅና በሸክላ ሽፋን መልበስ ሆነ። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ለዚህም ነው ያ ዘመን በጥብቅ ሊመረመር የሚገባው።

የተቃውሞው ማዕከል የሆነው የኒውዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ላስሎ ሽዋርትዝ የተባለ የጥርስ ሐኪም በዚያ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ክሊኒክ መርቶ ብዙ ታማሚዎችን በቅርብ ሲከታተል፣ ከእነርሱ መካከል አብዛኛዎቹ የሚሠቃዩት በመገጣጠሚያው ሳይሆን በማኘኪያ ጡንቻዎቻቸው መኮማተር መሆኑን ተረዳ፤ ጡንቻው ያማል፣ ስለሚያምም ይኮማተራል፣ ስለተኮማተረም ይበልጥ ያማል። ሽዋርትዝ የሕክምናውን ዘዴ ያገኘው ከጥርስ ሕክምና ውጭ ነው። ሃንስ ክራውስ የተባለ ኦስትሪያዊ ሐኪም፣ ራሱም ተራራ መውጣትን የሚወድ ሰው፣ በ1930ዎቹ በቪየና ወለምታና ቀላል ስብራት የደረሰባቸውን በጀሶ ከማሰር ይልቅ ቆዳቸውን ኤቲል ክሎራይድ በሚባል በሚረጭ ፈሳሽ እያቀዘቀዘ ወዲያው እንዲንቀሳቀሱ ያደርግ ነበር፤ ፈሳሹ በቅጽበት ስለሚተን ቆዳውን ያደነዝዛል፣ ጡንቻውም የመኮማተር ልማዱን ለጊዜው ይለቃል። ክራውስ ወደ አሜሪካ ከተሰደደ በኋላ ይህ ዘዴ ጃኔት ትራቬል ከተባለችው ሐኪም የጡንቻ ሕመም ጥናት ጋር ተገናኘ፤ ሁለቱም ኋላ የፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲን የወገብ ሕመም ያከሙ ናቸው።

ሽዋርትዝ በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ፈሳሽ ለተያዘና ለሚያም መንጋጋ መጠቀሙን አስታወቀ። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፦ የታማሚው ዓይንና ጆሮ ይሸፈናል፤ ፈሳሹ ከጉንጩ ጀምሮ ከጆሮ በላይ እስካለው የራስ ጎን ድረስ በቀጭኑ ይረጫል፤ ቆዳው ሲቀዘቅዝም ታማሚው አፉን ቀስ ብሎ በራሱ ኃይል ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ያርፋል፣ ይደግማል። ከዚያ በቤቱ የሚሠራው ልምምድ ይሰጠዋል። ከእነዚህ ልምምዶች አንዱ ታማሚው እጁን ከአገጩ በታች አድርጎ አፉ እንዳይከፈት በመጠኑ እየከለከለ ለመክፈት የሚሞክርበት ነው። የዚህ ልምምድ ምስጢር በ1932 የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው ቻርለስ ሼሪንግተን በጥናቱ ያስረዳው የነርቭ ሕግ ነው፤ አንድን ክፍል የሚከፍተው ጡንቻ ሲሠራ የሚዘጋው ጡንቻ እንዲላላ ከነርቭ ማዕከል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ስለዚህ በመክፈቻ ጡንቻ ላይ የተሠራ መጠነኛ ሥራ መንጋጋን ቆልፎ የያዘውን የመዝጊያ ጡንቻ ያላላዋል። ሽዋርትዝ በ1959 ያሳተመው መጽሐፍ የመንጋጋን ሕመም ከጥርስ አገጣጠም ነጥቆ ለጡንቻ፣ ለውጥረትና ለእንቅስቃሴ የሰጠ የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዳንኤል ላስኪን በ1969 ይህን አሳብ ገፍቶ ሄደና የጡንቻው መኮማተር በአብዛኛው ከጭንቀትና ጭንቀት ከሚያስከትለው ጥርስ የመንከስና የማፋጨት ልማድ እንደሚመነጭ አስረዳ። የእሱ ባልደረቦች በ1976 ያወጡት ጥናት ለሞረዱ ዘመን ከሁሉ የከበደ ጥያቄ ያቀረበ ነበር። 25 ታማሚዎች ጥርሳቸው እንደሚስተካከል ተነግሯቸው መሣሪያው በአፋቸው ውስጥ ቢሠራም አንድም ጥርስ አልተነካም፤ ሕክምናው ማስመሰያ ብቻ ነበር። ሆኖም ከ25ቱ 16ቱ፣ ማለትም 64 በመቶው፣ ሕመማቸው እንደተሻላቸው ወይም እንደጠፋ ተናገሩ። ይህ ውጤት ታማሚዎቹ ሐሰተኞች ናቸው ማለት አይደለም፤ በጊዜ፣ በእረፍትና በመታመን የሚቀል ሕመም ያለባቸው ናቸው ማለት ነው። ሐኪሙ ጥርስ ሞርዶ ሲሻላቸው ባየ ጊዜ የሞረዱን ሥራ ያመሰገነው በስሕተት ነበር፤ ስሕተቱም ለአርባ ዓመት ያህል ጤነኛ ጥርስ አስከፍሏል። በስዊድን የጎተንበርጉ ማርቲ ሄልኪሞ በሰሜን ፊንላንድ በሚኖሩ የሳሚ ሕዝቦች ላይ ያደረገውን ምርመራ በ1974 ሲያሳትም የመንጋጋ ድምፅና መጠነኛ የእንቅስቃሴ ጉድለት በሰው መካከል ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ታየ፤ ሕመም የሌለበት ቋ የሚል ድምፅ ብቻውን ሕክምና እንደማይሻ ዛሬ የሚታመነውም ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት የተነሳ ነው።

እንዲህ ያለ ማስረጃ ከተገኘ በኋላ እንቅስቃሴ ዋናውን ስፍራ ይይዛል ተብሎ ሊጠበቅ ይችል ነበር፤ ነገር ግን አዲስ የምስል ጥበብ መጣና ትኩረቱን እንደገና ወደ ዲስኩ መለሰው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ክላይድ ዊልክስ በመገጣጠሚያው ውስጥ መድኃኒት ገብቶ የሚነሳ ራጅ ሲጠቀም፣ ዊልያም ፋራርም የመንጋጋን ድምፅ ከዲስክ መንሸራተት ጋር ሲያያይዝ፣ ሐኪሞች ከቦታው የወጣ ዲስክን በዓይናቸው ማየት ቻሉ። የታየ ነገር ሁሉ መጠገን ያለበት መሰላቸው። በ1980ዎቹ ብዙ መገጣጠሚያዎች ተከፈቱ፣ ብዙ ዲስኮች ተሰፉ ወይም ወጡ፣ በወጡትም ፋንታ ቪቴክ የተባለው የሂዩስተን ኩባንያ የሚሠራው፣ ከፕሮፕላስትና ከቴፍሎን የተዘጋጀ ሰው ሠራሽ አካል ተተካ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1983 ለሽያጭ የፈቀደው ይህ አካል በማኘክ ኃይል እየተፈረፈረ፣ ሰውነትም ፍርፋሪውን ለማጥፋት በሚያደርገው ትግል የመንጋጋውን ራስ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ የራስ ቅሉን አጥንት ጭምር እየበላው ሄደ። ኩባንያው በ1990 ከሰረ፤ አስተዳደሩም በዚያው ዓመት አካሉ የተተከለላቸው ሁሉ እንዲመረመሩ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ከእነዚህ ታማሚዎች ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ለተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምናና ለዕድሜ ልክ ሕመም ተዳርገዋል። በመንጋጋ ሕክምና ታሪክ ከዚህ የከፋ ምዕራፍ የለም።

ከዚህ ጥፋት በኋላ መገጣጠሚያውን ሳይከፍቱ ማከም እንደገና ተፈላጊ ሆነ። በ1991 ዶሪት ኒጻን ከኢየሩሳሌም፣ ፍራንክሊን ዶልዊክም ከአሜሪካ ከአንድ ሌላ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ተቆልፎ የቀረ መንጋጋን በሁለት መርፌዎች ብቻ በማጠብ ማስከፈት እንደሚቻል ሲያሳዩ፣ ዲስኩ ወደ ቦታው ሳይመለስም አፍ ሊከፈትና ሕመም ሊጠፋ መቻሉ ታወቀ። በቺሊ ደግሞ ማሪያኖ ሮካባዶ የተባለ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መንጋጋን ከአንገትና ከትከሻ ለይቶ ማከም እንደማይቻል እያስተማረ ስድስት ልምምዶችን፣ እያንዳንዱን ስድስት ጊዜ፣ በቀን ስድስት ጊዜ የሚሠሩበትን ሥርዓት አስፋፋ። ከእነዚህ አንደኛው ታማሚው የምላሱን ጫፍ ከፊት ጥርሶቹ ጀርባ በትናጋው ላይ አሳርፎ፣ ጣቱንም በመገጣጠሚያው ላይ አድርጎ፣ ምላሱ ሳይላቀቅ አፉን የሚከፍትበት ነው። ምላሱ በቦታው እስካለ ድረስ መንጋጋው ብዙ ሊከፈት ስለማይችል የመንጋጋው ራስ ወደ ፊት ሳይንሸራተት ባለበት ይዞራል፤ ጣቱም ይህን ያረጋግጣል። ታማሚው በዚህ ሁኔታ የተማረው ጡንቻውን ማጠንከር ሳይሆን መቆጣጠር ነው፤ ብዙ ሰዎች የመንጋጋ ልምምድን እንደ ክብደት ማንሳት ቆጥረው በኃይል ሲከፍቱና ሲነክሱ ሕመማቸው የሚብሰውም ይህን ልዩነት ስለማያውቁ ነው። ጥርሶች ሳይነካኩ፣ ከንፈር ተዘግቶ፣ ምላስ በትናጋ ላይ አርፎ መቀመጥ ራሱ የሕክምናው አካል ነው።

መንጋጋ የሚያዘው በጡንቻ መኮማተር ብቻ አይደለም። ለራስና ለአንገት ካንሰር የሚሰጠው የጨረር ሕክምና ጡንቻውን ወደ ጠባሳነት ስለሚለውጠው አፍ በወራት ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል፤ በሆላንድ የተደረገ ጥናት በ2006 የአፍ መከፈት 35 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ሲሆን መንጋጋው እንደተያዘ ይቆጠር ብሎ ወሰን አስቀምጧል። ለእነዚህ ታማሚዎች ለብዙ ዓመታት የኖረው ዘዴ ሐኪም ምላስን የሚጫንባቸውን ስስ እንጨቶች እየደረቡ በጥርሶች መካከል ማስገባትና በየጥቂት ቀኑ አንድ መጨመር ነበር፤ አንዱ እንጨት ከሁለት ሚሊ ሜትር ስለማይበልጥ እድገቱ በእንጨት ቁጥር ይቆጠራል። በ1993 የወጣ የኒውዮርክ ጥናት 21 ታማሚዎችን ለአሥር ሳምንታት ተከታትሎ፣ በእጅ በሚጨመቅ የመንጋጋ ማስከፈቻ መሣሪያ የሠሩት በአማካይ 13.6 ሚሊ ሜትር ሲያገኙ፣ ያለ መሣሪያ የሠሩት 6፣ በእንጨቶች የሠሩት 4.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ማግኘታቸውን አሳይቷል። በኢትዮጵያም ይህ ጉዳይ የቅርብ ነው። ኖማ የሚባለው፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን አፍና ጉንጭ የሚበላ በሽታ ከሞት ለተረፉት ሰዎች ብዙ ጊዜ በጠባሳ የተቆለፈ መንጋጋ ይተውላቸዋል። ከብሪታንያ የሚመጡ በጎ ፈቃደኛ የቀዶ ሕክምና ቡድኖች በአዲስ አበባ ለእነዚህ ሰዎች ሲሠሩ ቆይተዋል፤ ጠባሳው ተቆርጦ መንጋጋው ከተለቀቀ በኋላ ግን ለወራት በየቀኑ የማስከፈት ልምምድ ካልተደረገ ጠባሳው እንደገና ስለሚይዘው የቢላው ሥራ ከንቱ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 ነው።

በዕጣ በተመደቡ ታማሚዎች መካከል የተደረጉ ንጽጽሮች የሽዋርትዝን ግንዛቤ ያጸኑት ግማሽ ምዕተ ዓመት ዘግይተው ነው። በ2006 በሲያትል 200 ታማሚዎችን ለአንድ ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ በጥርስ ላይ የሚሰካ ጠንካራ ሽፋን፣ ለስላሳ ሽፋን፣ ወይም ሽፋን ሳይኖር ማላላትንና ማሳሳብን ጨምሮ ራስን የመንከባከብ ሥልጠና ያገኙት ሁሉ በተመሳሳይ መጠን እንደተሻላቸው አሳይቷል። በ2007 በሚኒሶታ የወጣው ደግሞ መንጋጋቸው የተቆለፈባቸውን 106 ሰዎች በአራት ከፍሎ፣ ከመድኃኒትና ከምክር እስከ ተሐድሶና እስከ ቀዶ ሕክምና የደረሱ መንገዶችን ለአምስት ዓመታት ሲያነጻጽር ልዩነት አላገኘም። እንቅስቃሴ ለምን እንደሚጠቅም ማብራራት ዛሬ አዳጋች አይደለም፤ የመገጣጠሚያው ገጽ የደም ሥር ስለሌለው ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፣ ፈሳሹም በእንቅስቃሴ ይዳረሳል፤ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ጡንቻና ሽፋን ያጥራል፣ ይደርቃል፤ አፍን መክፈት የፈራ ሰውም ፍርሃቱ ራሱ ጡንቻውን ያኮማትረዋል። ይህ ሲባል ልምምድ ለሁሉ ነገር ይበቃል ማለት አይደለም። አጥንት ከአጥንት ጋር ተጋጥሞ የተዋሐደበት መንጋጋ፣ ስብራት፣ እባጭ፣ ከትኩሳትና ከእብጠት ጋር በድንገት የተዘጋ አፍ፣ በተለይም ከቁስል በኋላ የመጣና መንጋጋ ቆልፍ ተብሎ የሚታወቀው ቴታነስ ሊሆን የሚችል መጨበጥ ሁሉ ሳይዘገይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለባቸው።

ከተለያዩ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎችና ታማሚዎች ተሰብስበው በ2023 በብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ያወጡት መመሪያ፣ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመም በባለሙያ የሚመራ የመንጋጋ ልምምድና ማሳሳብ፣ የአቀማመጥ ልምምድ፣ መገጣጠሚያውን በእጅ ማላወስ፣ የተኮማተረ ጡንቻን በእጅ ማከም እና ሕመምን ከሐሳብና ከልማድ ጋር አያይዞ የሚያክም የሥነ ልቦና ምክር በጽኑ እንዲሰጡ ሲያዝ፣ የጥርስን አቀማመጥ የማይመለስ አድርገው የሚለውጡ ሽፋኖችንና ዲስክን ማውጣትን በጽኑ ተቃውሟል። መንጋጋው የታመመበት ሰው እንግዲህ ጥርሱ እንዲሞረድ ወይም መገጣጠሚያው እንዲከፈት ከመስማማቱ አስቀድሞ፣ መንጋጋውን በእጁ መርምሮ የሚለካ፣ የሚሠራውን ልምምድም እያሳየ የሚያስተምር ባለሙያ ዘንድ እንዲልከው ሐኪሙን ይጠይቅ።